ለመሪ ጥርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬአለሁ። አንዴ ለሥራ ባልደረባዬ ሚስት ለመጠየቅ፣ አንዴ በእንሰት ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ። ሦስተኛው ጊዜ የተላክሁት አንዲት መምህርት ከመኪና መሪ ጥርስ ጋር እንድትታረቅ ለመለመን ነው። ጋብቻው ፈርሷል፤ ወንድማማቾቹም እስከ ዛሬ አይነጋገሩም፤ ስለዚህ በችሎታዬ የተመረጥኩ የሚመስለው አንባቢ ካለ ይተወው። የተመረጥኩት ጸጉሬ ስለሸበተና ስብሰባ ላይ ረጅም ዐረፍተ ነገር ስለምናገር ነው። ሶዶ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ሦስተኛ መመዘኛ አይጠየቅም።

ነገሩ የጀመረው በኮሌጁ አውቶቡስ ነው። እኔ በዚያ ኮሌጅ የኮሙኒኬሽን ትምህርት አስተምራለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ ለዲኑ ንግግር፣ መጽሔትና የባነር ጽሑፍ እጽፋለሁ። አውቶቡሱ በየሰኞው ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችን ጭኖ ወደ ቢጠና ይወርዳል። መሪው ከላላ ቆይቷል። ሹፌሩ የሻንቶ ሰው ነው፤ ዝምተኛ። መሪውን ሩብ ዙር ወደ ግራ ካዞረ በኋላ ነበር ጎማው መስማት የሚጀምረው። ቁልቁለቱ ላይ ተማሪዎቹ መዝሙር ይዘምራሉ። ዲኑ ይህን የመንፈሳዊነት ምልክት አድርጎ ያየው ነበር፤ ሹፌሩ ግን ፈርተው እንደሚዘምሩ ነግሮኛል።

ለማያውቅ ላስረዳ። በመሪው ሳጥን ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንዱ እንደ ወፍራም ብሎን የተጠማዘዘ የብረት ዘንግ ነው፤ ዎርም ይሉታል። ሁለተኛው ከዎርሙ ጋር ተገጣጥሞ የሚዞር ክብ የነሐስ ጥርስ ነው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ዎርሙ ጥርሱን ይገፋል፣ ጥርሱም በተራው ጎማዎቹን ያዞራል። ጥርሱ ሲያልቅ ሹፌሩ እንደ ማንኛውም የቢሮ ኃላፊ ይሆናል፤ እጁ ይንቀሳቀሳል፣ ከታች የሚለወጥ ነገር የለም።

መለዋወጫ በገበያ ጠፋ። አዲስ አበባ የተላከው ሰው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ባዶ እጁን፣ ግን በአዲስ ጫማ ተመለሰ። ያን ጊዜ ዲኑ አዳራሽ ሰብስቦን «ራሳችን እንሠራዋለን!» አለ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብቸኛው ጥሩ ሐሳብ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ዲኑ ሐሳቡን እንደ ውጤት መቁጠሩ ነው። በማግስቱ ባነር እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጽፌ ሰጠሁ። ባነሩ ሦስት ሜትር ነበር፤ ከጥርሱ በሁለት ወር ቀድሞ አለቀ።

ጥርሱን እንዲሠራ የተሰጠው ለኮሌጁ ቶርኖ ሠራተኛ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ውስጥ ቁልፍና ማጠፊያ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ኖሯል። ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፤ በቀን የሚናገረው ቃል ግን እኔ በአንድ ሰላምታ ከማባክነው ያንሳል። ዎርሙን በአሮጌው ቶርኖ ላይ በአሥራ አንድ ቀን ቆረጠው። ከዚያ ለነሐሱ ጥርስ መቁረጫ የሚሆን፣ ራሱን ዎርሙን የሚመስል ሌላ ዘንግ ሠራ፤ ጎን ለጎኑን በሞረድ ሸነሸነው፣ በእሳት አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው። መቁረጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎት ሲዞር ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ከዚያ ነሐስ ጠየቀ። ምን ዓይነት ነሐስ እንደሚፈልግ በወረቀት ጽፎ ለግዢ ክፍል ሰጠ። የግዢ ክፍል በሕጉ መሠረት ሠራ፤ ሕጉ ደግሞ ነሐስን በክብደት እንጂ በዓይነት አያውቀውም። በጆንያ የመጣለት የአሮጌ ቧንቧ ራስ፣ የበር እጀታ፣ አንድ የተሰበረ ደወልና ምን እንደነበረ የማይታወቅ ቢጫ ነገር ነበር። ቶርኖ ሠራተኛው ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈና ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይህ ጥርስ አይሆንም» አለ።

«ነሐስ አይደለም እንዴ?» አለው የግዢው ሰው።

«ነሐስስ ነው።»

«እንግዲያው!»

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ቶርኖ ሠራተኛው አቀለጠው፣ በቅርጽ ውስጥ አፈሰሰው፣ ቆረጠው። ሲያልቅ ጥርሱ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። ዲኑ መዳፉ ላይ አድርጎት ፎቶ ተነሣ። ከዞን እንግዶች የሚመጡበት ቀን ተወሰነ፤ የሚቀረው አንዲት ገጽ ቅጽ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነበር።

ፊርማው የመምህርቷ ነው። የአውቶሞቲቭ ክፍል መምህርት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ኦቶና አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቆማለች። ስለ እሷ የማውቀው ይህን ያህል ነበር፤ የኮሌጁ ሰው ሁሉ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በሥራው እንዲታወቅ አልለመድንም። ቅጹ «የሙከራ ውጤት» ይላል። በኮሌጃችን የሙከራ ቅጽ የሚሞላው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ ቢሮ ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት ቅጽ ላይ በመገልበጥ ነው። እሷ ግን ሞከረችው። ይህን ዓይነት ድፍረት ማንም አልጠበቀም።

ከተጣለ የጭነት መኪና የፊት ጎማዎቹን የሚይዘውን አክሰል አስፈትታ ሲሚንቶ ወለል ላይ በብሎን አሰረችው። የመሪውን ሳጥን ገጠመችበት፤ የመንገድ ክብደት እንዲሆን ክንዱ ላይ የአሸዋ ጆንያ ሰቀለች። መሪው ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ ለማወቅ ከሥጋ ሻጭ የተዋሰችውን መንጠቆ ያለው ሚዛን ጠርዙ ላይ ታስርና ትስባለች። ጥርሶቹ የት ላይ እንደሚነካኩ ለማየት ደግሞ ከመዝገብ ቤት የማኅተም ቀለም ወስዳ፣ ከግራሶ ጋር ቀላቅላ ቀባቻቸው። የማኅተም ቀለም እውነት ለማወቅ ሲውል ያየሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሃያ ሺህ ዙር ወሰነች። ተማሪዎች በተራ ያዞራሉ፤ እሷ በየመቶው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። የመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ በሁሉም አቅጣጫ ሁለት ኪሎ ያሳይ ነበር። ሦስት ሺህ ካለፈ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ወደ አራት ዘለለ። አምስት ሺህ ላይ አስቆመች፤ የሳጥኑን ዘይት ቀዳች፤ ቅጹ ላይ «አላለፈም» ብላ ጽፋ፣ ሳትፈርም ስሟን ብቻ አስፍራ፣ ለዲኑ ላከች። «አልፏል» የሚለው ባዶ መስመር ፊርማዋን ይጠብቅ ነበር፤ እንግዶቹ የሚመጡት ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ጥርሱ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ፣ አርባ ተማሪ ተጭኖ፣ እንግዶቹ እያጨበጨቡ ወደ ቢጠና ሊሸኝ ነው።

በማንኛውም ጤነኛ አገር የሚቀጥለው ጥያቄ «ጥርሱ ምን ሆነ?» ነው። እኛ ጋ የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን አጣላቸው?» የሚል ነበር። ሐሙስ ጠዋት መዝናኛ ክበብ ውስጥ ሦስት መልስ ሰማሁ። ዲኑ ለሁለተኛ ዲግሪ ስላላሳለፋት ቂም ይዛ ነው። ቶርኖ ሠራተኛው ሴት ናት ብሎ ንቋት ነው። ሦስተኛው ባል ስላላገባች ነው የሚል ነበር፤ ይህ መልስ ለማንኛውም ጥያቄ የሚያገለግል ስለሆነ አልገረመኝም። ቁጥር በራሱ የሚመጣ ነገር መሆኑን ማንም አላመነም። ሚዛኑ አራት ኪሎ ያለው እሷ ስለተቀየመች ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱም ታወቀ፤ ጥርሱን ማንም ሳይነካው ሽማግሌ ተላከባት።

ሦስት ነበርን። መሪያችን ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ግማሹን ሶዶ ያስተማሩ፣ ግማሹን የገረፉ። ሁለተኛው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ እህቱ የቶርኖ ሠራተኛው ሚስት ስለሆነች «የተበዳይ ወገን» ተብሎ ገባ። ሦስተኛው እኔ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ሄድን። መምህርቷ አክሰሉ አጠገብ ቆማ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ ቶርኖ ሠራተኛው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ሳሮ ልጄ» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ በአገራችን ቋንቋ ሰላም ሲሏት።

«ሳሮ፣ ጋሼ። እንኳን ደህና መጡ። ምነው ቆማችሁ?»

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ፤ የሽምግልና ወግ ነውና።

«ወንበርም የለም» አለች።

ርእሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእርቅ ነው የመጣነው።»

«ከማን ጋር?»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንድም ሰው ይህን አላሰበበትም ነበር። ነጋዴው ወደ አማቹ በአገጩ አመለከተ። አማቹ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

«ከእኔ ጋር ነው እንዴ?» አለ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? አይሆንም ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። ገና ጆንያው ሲመጣ ነው ያልኩት።»

«አንተ ዝም በል፤ ለአንተው ክብር ነው የምንለፋው» አለው ነጋዴው።

«ክብሬን ተውልኝና ነሐስ ግዙልኝ።»

የተበዳይ ወገን ተበዳይ አጣ። ርእሰ መምህሩ ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ጠበኛ ባይኖርም እርቅ ማቆም አይወዱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ጸሎት ቀጠሉ። «ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ የሰው እጅ የሠራው ብረትም ይሳሳታል። ይቅር ያላለ ይቅር አይባልም። ይቅር በይው።»

«ይቅር ብዬዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ጌታ ምስክሬ ነው፣ በልቤ ምንም አልያዝኩበትም። ፊርማ ግን አልሰጠውም።»

ነጋዴው ሳቁን በሳል ሸፈነና በራሱ በኩል ሞከረ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕቃ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። አንድ ዕቃ ሃያ ሺህ ጊዜ አዙሮ የገዛ ደንበኛ አላየሁም።»

«ለዚህ ነዋ ሱቅዎ ደጃፍ ሰልፍ የማይጠፋው። ግማሹ ሊመልስ የመጣ ነው።»

ጥጉ ላይ ያለው ሰው ቆሎው ትን አለው።

ተራው የኔ ሆነ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ክፍል ነው፤ ተዘጋጅቼ የተናገርኩት ሁሉ እንደሚያሳፍረኝ። በዓለም ላይ ፍጹም ልኬት እንደሌለ፣ ማንኛውም እውነት መቃረቢያ እንደሆነ፣ የጥንት ሰዎችም በእምነት ድልድይ ላይ ይሻገሩ እንደነበር፣ አምስት ሺህ ዙር ራሱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ተናገርኩ። ዐረፍተ ነገሮቼ ያምሩ ነበር። ያንኑ ሳምንት አንብቤ ያልገባኝን ሁለት መጽሐፍ ቀላቅዬ ነው ያቀረብኩት።

እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው የማርማላታ ጠርሙስ አነሣችና እጄ ላይ አስቀመጠች። ከሳጥኑ የቀዳችው ዘይት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ያነባሉ ይባላል። እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ዘይቱ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ነገር ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ዲኑ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ የተነሣበት ጥርስ ነው፤ ቢያንስ ከፊሉ። ለማንበብ ከባድ አልነበረም። ለነጋዴው አቀበልኩት፤ ነጋዴው አየና ለርእሰ መምህሩ አቀበለ። እሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው አጡ፤ ኪሳቸው ውስጥ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን።

በዚህ ሰዓት ክብር ያለው ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። እኛ ግን ዲኑ ቢሮው ውስጥ እየጠበቀን ነበር፤ ማስታረቅ ያቃተው ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ አይጠራም። ርእሰ መምህሩ «ለእኛ ስትይ» አሉ። «ለሽበታችን። አንድ ጊዜ ፈርሚና እንግዶቹ ይሸኙ፤ ከዚያ ብታወልቂው ማን ያውቃል?»

መምህርቷ ጨርቁን አክሰሉ ላይ ሰቀለችው።

«እሺ» አለች። «ለሽበታችሁ እፈርማለሁ።»

ነጋዴው «ተባረኪ!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም። እርቅ ዋስ አለው አይደል? ወጉ እንዲያ ነው። ሽማግሌ ላስታረቀው ነገር ዋስ ይሆናል። ሰኞ አውቶቡሱ ቢጠና ሲወርድ ሦስታችሁም ከሹፌሩ ኋላ ትቀመጣላችሁ። ቅጹን አምጡ፤ አሁን እፈርማለሁ።»

ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ጠበቀች።

«ሰኞ» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ «ሰኞ የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ።»

«እኔ ሰኞ ዕቃ ይገባልኛል» አለ ነጋዴው። «ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ...»

«ማክሰኞም እንሄዳለን» አለች።

«ማክሰኞ ደግሞ ገበያ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ክፍል አለብኝ ልል ነበር፤ ግን ሰኞ ክፍል እንደሌለኝ እሷ ታውቃለች። ስለ ጀርባዬ ሕመም ማውራት ጀመርኩ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የዚያን ሰዓት ግን አላመመኝም።

አርባ ተማሪ እንዲጫንበት ልንለምን የመጣን ሦስት ሰዎች፣ አንድ ወንበር ላይ እንኳ መቀመጥ አልፈለግንም። ይህን ለማወቅ ሃያ ሺህ ዙር አላስፈለገም። መምህርቷ እስክሪብቶዋን ወደ ኪሷ መለሰችና፣ ቁጣም ደስታም በሌለው ድምፅ፣ «እንግዲያው ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ንኩት» አለችን። ርእሰ መምህሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እኔ መሪውን ይዤ አዞርኩት። በአንድ ቦታ ላይ፣ በእያንዳንዱ ዙር ያንኑ ቦታ ላይ፣ ከመዳፌ ሥር ጥርስ ያለው ነገር ሲነክስና ሲለቅ ተሰማኝ። ከሁለት ወር በላይ ስለዚህ ዕቃ ስጽፍ ከርሜ ስነካው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዲኑ ነገሩን ሲሰማ «ሽማግሌ አዋረደች» አለ፤ ሌላ የታየው ነገር አልነበረም። ሰኞ እንግዶቹ መጡ። ጥርሱ ሰማያዊ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አውቶቡሱ ከኋላው ባነር ለብሶ ቆመ፤ የጻፍኩት ንግግር ተነበበ። ከእንግዶቹ አንዱ ጥርሱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ዲኑ «ሙሉ በሙሉ የአገር ውስጥ ነው» ብሎ መለሰ። እንግዳው በመልሱ ረካ። ተማሪዎቹ ያን ሳምንት በሁለት ሚኒባስ ወረዱ፤ የመምህርቷ ስም ደግሞ ከዋና ከተማው ሥልጠና ዝርዝር ተሰረዘ። ለምን እንደተሰረዘ ማንም አልጻፈም፤ የጠየቀም የለም።

ቶርኖ ሠራተኛው ቀጣዩን ነሐስ ከግዢ ክፍል አልጠበቀም። ከሚያውቃቸው ወፍጮ ቤቶች እየዞረ ያረጁ የዘንግ መቀመጫዎች ለመነ፤ ዓመታት ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የኖረ ነሐስ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። አዲሱ ጥርስ እንደ መጀመሪያው አያበራም፤ መልኩ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ደብዘዝ ያለ ነገር ነው። ፎቶ የተነሣበት የለም። በማኅተም ቀለም ሲቀቡት ግን ቀለሙ የጥርሱን መሐል ይዞ ወጣ፤ በትክክል የተገጠመ ጥርስ ምልክቱ ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የጠመኔ መስመር ታጥቦ ከአንድ ተጀመረ። ሳልፍ ሳገድም እያየሁ ሳምንታት አለፉ። ሃያ ሺህ ሲሞላ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ይል ነበር፤ ዘይቱም ዘይት ነበር። ፈረመች።

የመጀመሪያው ጉዞ ተማሪ ሳይጫን ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ዲኑ አውቶቡሱ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣና በራሱ መኪና ወደ ቤቱ ሄደ። መምህርቷ ማንም ሳይጠይቃት ገብታ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች። ቶርኖ ሠራተኛው ከጎኗ ቆሎውን ይዞ ተቀመጠ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ከታች ጎማዎቹ ወዲያው ታዘዙ። ከዚያ በመስኮት ብቅ ብሎ እኔን የኮሌጁ በር ላይ ቆሜ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይግቡ! ባዶ ነው፣ ከፊት ቦታ አለ።»

«ክፍል አለብኝ» አልኩት።

«በቅዳሜ?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ማርሽ አስገብቶ ወጣ።